ልጅ ያቦካው፤ ስለ ትንንሽ መርማሪዎችና ስለ ሣቃቸው

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን ያልሰማ ከመካከላችን የለም፤ ብዙዎቻችንም ስናድግ ተተርቶብናል። ዛሬ የማነሣው ከዚህ ተረት ጋር ፊት ለፊት የሚጋጭ የጽሑፍ ዓይነት ነው። ልጆች ራሳቸው ወንጀል መርማሪ ሆነው የጠፋውን የሚያገኙበት፣ ውሸታሙን የሚያጋልጡበት፣ አንባቢውንም መንገድ ለመንገድ የሚያሥቁበት፣ በአጫጭር ምዕራፍ ተከፋፍሎ በተከታታይ የሚወጣ የልጆች መጽሐፍ።

ባለፈው የውይይት ምሽታችን ስለዚህ ልጽፍ እንደ ሆነ ስናገር አንድ ወዳጃችን «ምነው፣ ሌላ ቁም ነገር አጣህ?» ብሎኝ ነበር። አላጣሁም። እንዲያውም እውነቱን ልናገር፤ ባለፈው ክረምት እኔ ራሴ እንዲህ ያለ ነገር ልጽፍ ተነሥቼ ሁለት ምዕራፍ ላይ ወድቄአለሁ። ስለዚህ ይህ ሒስ ከሩቅ የተወረወረ ድንጋይ አይደለም። የወደቀ ሰው ተመልሶ ጉድጓዱን ሲመረምር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሁለቱን ምዕራፍ ለአክስቴ ልጆችና ለጎረቤት ልጆች፣ በጠቅላላው ለአምስት ሰው፣ አነበብኩላቸው። ታሪኩ ከሱቅ ስለ ጠፋ የዳቦ ቅርጫት ነው። ገና አንደኛው ምዕራፍ ሳያልቅ አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ «ሌባው ያ ዓይኑ የቀላው ሰውዬ ነው» አለችኝ።

«እንዴት አወቅሽ?»

«አስቀያሚ አድርገህ ጻፍከዋ!»

በቃ፣ ምሥጢሬ እዚያው ተቀበረ። ቀልዴማ አይነሣ። የደረደርኳቸው ቀልዶች አንዳቸውም ጥርስ አላስከፈቱም። የሣቁት ቀልድ ነው ብዬ ባልጻፍኩት ቦታ ነው፤ መርማሪው ልጅ የትልልቆቹን ወሬ ለማዳመጥ አልጋ ሥር ተደብቆ ሳለ፣ ቡና የሚያፈሉት አያቱ፣ ወደ ታች እንኳ ሳያዩ፣ በሳሕን ፈንድሻ አድርገው ወደ አልጋው ሥር ገፋ ያደርጉለታል። እዚህ ላይ አምስቱም ተንከተከቱ። እኔ ያቺን ዐረፍተ ነገር የጻፍኳት ልጁ እንዳይርበው ብዬ ነበር እኮ!

ከዚያ በኋላ ነው የሌላ አገር ደራስያንን ሥራ እንደ ገና ያገላበጥኩት፤ እንደ አንባቢ ሳይሆን እንደ ሌባ።

መጀመሪያ ያነሣሁት ጀርመናዊውን ኤሪክ ኬስትነርን ነው። «ኤሚልና መርማሪዎቹ» የወጣው እ.ኤ.አ. በ1929 ነው። ታሪኩ ቀላል ነው። ኤሚል የሚባል የደሃ ልጅ በባቡር ወደ በርሊን ይሄዳል። እናቱ ፀጉር እየሠራች ያጠራቀመችውን 140 ማርክ ይዟል፤ አብዛኛው ለአያቱ የሚሰጥ ነው። እንዳይጠፋበት ብሎ ብሩን ከኪሱ ጋር በመርፌ ይወጋዋል። ይተኛል፤ ሲነቃ ብሩም የለ፣ አብሮት የነበረው ባለ ባርኔጣ ሰውም የለ። ከዚያ ወዲያ የበርሊን ልጆች ተሰባስበው ሰውየውን እግር በእግር ይከታተሉታል።

እዚህ ላይ ለጻፊ ትልቁ ጥያቄ ይመጣል፤ ልጁ ለምን ፖሊስ አይጠራም? የልጆች የምርመራ ታሪክ ሁሉ የሚወድቀው ወይም የሚቆመው በዚህ ጥያቄ ነው። ትልቅ ሰው ከገባበት ታሪኩ አለቀ። ኬስትነር የሰጠው መልስ ከማደንቃቸው ሁሉ ይበልጣል። ኤሚል ወደ በርሊን ከመሄዱ በፊት በከተማው አደባባይ በቆመው የመስፍን ሐውልት ላይ ቀይ አፍንጫና ጢም ሥሎበታል። ስለዚህ ፖሊስ ባየ ቁጥር «ለዚያች ጉዳይ ሊይዘኝ ነው» ብሎ ይንቀጠቀጣል። አያችሁ? ያሥቃል፤ ልጅ የሆነ ሁሉ እንዲህ ያለ ፍርሃት ያውቃል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ታሪኩን የሚያስኬደው ይኸው ቀልድ ነው። ቀልዱን አውጣው፣ መጽሐፉ ይፈርሳል። የእኔ ቀልዶች ግን ቢወጡ ማንም አይፈልጋቸውም ነበር። እንደ ጎመን ላይ እንደ ተነሰነሰ ስኳር ነበሩ።

ሌላም አለ። ልጆቹ ሥራ ሲከፋፈሉ ዲንስታግ የሚባል ትንሽ ልጅ (ስሙ ማክሰኞ ማለት ነው) ቤቱ ሆኖ ስልክ እንዲጠብቅ ይታዘዛል። ሌላው ሁሉ ከሌባ ጋር ሲሯሯጥ እሱ ስልክ ሥር ተቀምጦ ያዛጋል። ቦታውን ግን አልለቀቀም። በመጨረሻ የኤሚል አያት ከሁሉ ለይተው የሚያመሰግኑት እሱን ነው። ኬስትነር ይህን ሲያደርግ አይሰብክም፤ አያቲቱ እንደ አያት ይናገራሉ፣ እናልፋለን። በእኛ አገር የልጆች መጽሐፍ ቢሆን ኖሮ «ልጆች፣ ከዲንስታግ ምን ተማራችሁ?» የሚል ጥያቄ ከነቁጥሩ ሥሩ ይሰካ ነበር። ያን ያህል እንዴት እንፈራለን? ልጁ ራሱ አይደርስበትም ብለን ነው?

መፍቻውም ያው መርፌ ነው። ሌባው ባንክ ገብቶ ብሩን ሊመነዝር ሲል ኤሚል «የኔ ነው፤ መርፌ የወጋው ቀዳዳ አለበት» ይላል። ብሩ ለብርሃን ተይዞ ሲታይ ቀዳዳው አለ። ያ መርፌ ገና ከመነሻው በዓይናችን ሥር አልፏል፤ እኛ ግን የእናትና የልጅ ጭንቀት መስሎን አልፈነዋል። ፍንጭ መደበቅ ማለት እንዲህ ነው፤ ለሌላ ጉዳይ የመጣ አስመስሎ ማስቀመጥ። (ኬስትነር እ.ኤ.አ. በ1933 ናዚዎች መጻሕፍቱን በርሊን ላይ ሲያቃጥሉ ቆሞ አይቷል። «የልጆች ጸሐፊ ቁም ነገር የለውም» ለሚለው ወዳጄ ይህችን በቅንፍ አስቀምጫለሁ።)

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር። ዶናልድ ሶቦል እ.ኤ.አ. በ1963 «ኢንሳይክሎፒዲያ ብራውን» የተባለውን ልጅ ይዞ ወጣ። ትክክለኛ ስሙ ሊሮይ ነው፤ ዕድሜው አሥር፣ አባቱ አይዳቪል የምትባል የልብ ወለድ ከተማ የፖሊስ አዛዥ። የመኪና ጋራዥ ውስጥ ቢሮ ከፍቶ በቀን 25 ሳንቲም እያስከፈለ ይመረምራል። ጡንቻው እሱ ጋ የለም፤ ጡንቻ ያላት ሳሊ ኪምቦል የምትባል ልጅ ናት፤ የሰፈሩን ጉልበተኛ በግስ ሚኒን መትታ የጣለች። በያንዳንዱ መጽሐፍ አሥር አጫጭር ጉዳዮች አሉ። ጉዳዩ ተነግሮ ሲያልቅ «እንዴት አወቀ?» ተብሎ አንባቢው ይጠየቃል፤ መልሱ ከመጽሐፉ ኋላ ነው።

ይህን ሳነብ በልቤ «ይህማ የኛው እንቆቅልሽ ነው!» አልኩ። እንቆቅልሽ፣ ምን አውቅልሽ። ማወቅ ያቃተው «አገር ስጪኝ» ይባላል፤ አገር ይሰጣል፤ ጠያቂው በዚያ አገር ገብቶ የተሸናፊውን ልክ በስድብና በቀልድ እየነገረ መልሱን ይገልጣል። ምሥጢርና ሣቅ በአንድ ጨዋታ፣ ያውም መሸነፍ ራሱ የሚያሥቅበት። ኋላ ገጽ ገልጦ መልስ ማየት አገር መስጠት ማለት ነው። አያቶቻችን ያለ ወረቀት የሠሩትን ሶቦል በወረቀት ሠራው እንጂ ከሰማይ የወረደ አይደለም።

ሶቦልን ሁሌ አላመሰግነውም። ሁለት ጉዳዮቹን ላወዳድር፤ ሁለቱም ከመጀመሪያው መጽሐፍ ናቸው። በአንደኛው በግስ ሚኒ አንዱን የዋህ ልጅ በአሮጌ ሰይፍ ብስክሌቱን ሊያስለውጠው ይሞክራል። ሰይፉ ላይ፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1861 ለጄኔራል ጃክሰን ወታደሮቹ «በመጀመሪያው የቡል ረን ጦርነት» ስለ ሠራው ጀግንነት እንደ ሸለሙት ተጽፎበታል። ልጁ ሐሰት መሆኑን ወዲያው ያውቃል። ሁለተኛው ጦርነት የተካሄደው በ1862 ነውና በ1861 «መጀመሪያው» የሚል ሰው አይኖርም። ደግሞም የደቡብ ሰዎች ቦታውን ማናሳስ ነበር የሚሉት።

ብልህ ነው፤ ግን ፍትሐዊ ነው? የአሜሪካን ታሪክ ያላጠና ልጅ ምን ያድርግ? በእኛ ቢሆን እንዲህ ማለት ነው። አንዱ ነጋዴ የቆየ ጋሻ ያመጣል። ጋሻው ላይ «ሚያዝያ 1888 ዓ.ም.፤ በመጀመሪያው የኢትዮጵያና የጣልያን ጦርነት ዓድዋ ላይ ለዋለው ጀግና» የሚል ተቀርጿል። እኛ እንሥቃለን፤ በ1888 ሆኖ በ1928 ሌላ እንደሚመጣ ማን ነግሮት «መጀመሪያው» አለ? የኦሃዮ ልጅ ግን ዓይኑን ያፈጣል። የዕውቀት ፍንጭ ድንበር አይሻገርም።

ሁለተኛው ጉዳይ ከዚህ ይሻላል። አባትየው በእራት ጠረጴዛ ላይ ስለ አንድ የሱቅ ዝርፊያ ያወራል። ባለሱቁ «ዘራፊውን ያወቅሁት በካፖርቱ ነው፤ ከኋላው ቀበቶ ያለው ካፖርት» ይላል። በዚያው ቃሉ ውስጥ ግን የሰውየውን ፊት እንጂ ጀርባውን ከቶ አላየም። ታዲያ ከኋላ ያለውን ቀበቶ በምን አየው? በቃ። ለዚህ ታሪክ ማጥናት አያስፈልግም፤ ዓይንና ልብ ይበቃል። ደሴ ያለ ልጅም፣ በርሊን ያለ ልጅም እኩል ይፈታዋል። እራት እየበሉ መሆኑም ልብ ይባልልኝ። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም በተባለበት ማዕድ ላይ የፖሊስ አዛዡ የልጁን አፍ ይጠብቃል።

በሶቦል ላይ የሚነሣ አንድ ክስ አለ፤ በግስ ሚኒ በገባበት ጉዳይ ሁሉ ጥፋተኛው እሱ ነውና ምሥጢር የለም ይባላል። እኔም እንዲያ ስል ነበር፤ አሁን ሐሳቤን ለውጫለሁ። ልጁ «ማን ዋሸ?» ብሎ አይጨነቅም፤ «ውሸቱ የት ላይ ነው?» ብሎ ይፈልጋል። ይሄ ደግሞ ከበድ ያለ ጥያቄ ነው። የእኔ ዓይነ ቀይ ሰውዬ ግን ማን መሆኑ ታውቆ ሌላ የሚፈለግ ነገር አልነበረውም። ጥፋቴ እዚያ ላይ ነበር። መልኩን ማስቀየሜማ ሌላ ጥፋት ነው፤ ተረቶቻችን ክፉውን በመልኩ ስለሚያሳዩን ብዕራችን ሳናውቀው ወደዚያ ይሄዳል። የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ይህን አውቃብኝ እኔ አላወቅሁትም።

እንግዲህ ስለ ሣቁ። ሣቅ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ አንባቢው ከገጸ ባሕርዩ የበለጠ ሲያውቅ ነው። ስለ ሞኙ ማሞ የሚነገረውን ተረት አስቡት፤ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ እ.ኤ.አ. በ2002 በአማርኛና በእንግሊዝኛ በመጽሐፍ አውጥተውታል። ልጁ የሚሥቀው ማሞ የማያውቀውን እሱ ስለሚያውቅ ነው። ምሥጢር ግን ተቃራኒውን ይፈልጋል፤ አንባቢው ከሌባው ያነሰ ማወቅ አለበት። ታዲያ አንድ ልጅ ባንድ ጊዜ የበለጠም ያነሰም የሚያውቀው እንዴት ነው? የዚህ ጽሑፍ ዓይነት ችግር ሁሉ እዚህ ላይ ይቋጠራል።

ማርጆሪ ሻርማት እ.ኤ.አ. በ1972 በጀመረችው «ኔት ዘ ግሬት» ቋጠሮውን በቋንቋ ፈታችው። መርማሪው ጨቅላ ልጅ ነው፤ የሚናገረው ግን እንደ ፊልም መርማሪ ኮስተር ብሎ ነው፤ ስለ ራሱ ሲያወራ ሙሉ ማዕረጉን ሳይጠራ አያልፍም። ወደ ምርመራ ሲወጣ ለእናቱ ማስታወሻ ትቶ ይወጣል። ፓንኬክ ካልበላ አያስብም። እሱ ራሱን ትልቅ ሰው ያደርጋል፣ እኛ ልጅነቱን እናያለን፤ ስለ እሱ የበለጠ እናውቃለን፣ እንሥቃለን። ስለ ጉዳዩ ግን እኩል አናውቅም። የመጀመሪያው ጉዳይ አኒ የምትባል ልጅ የውሻዋን ሥዕል ማጣቷ ነው። ሥዕሉ ቢጫ ነበር። ትንሽ ወንድሟ ደግሞ ሁሉን በቀይ ይሥላል፤ አንዱ ጭራቅ ብቻ ብርቱካንማ ሆኖ ተገኘ። ቢጫ ላይ ቀይ ሲደረብበት ምን እንደሚሆን ቀለም ነክሮ የሚያውቅ የስድስት ዓመት ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ይህ የዕውቀት ፍንጭ ነው፤ ግን ልጅ በጣቱ ያገኘው ዕውቀት ነው። ትልቅ ሰው ለምን አልገባበትም? ጉዳዩ ለትልቅ ሰው በጣም ትንሽ ስለሆነ። ለአኒ ግን ትንሽ አይደለም።

የኔትን ንግግር ወደ አማርኛ ቃል በቃል ብትመልሱት ግን ሣቁ ይሞታል፤ ሞክሬዋለሁ። ያ ኮስታራ የፊልም መርማሪ እኛ ጆሮ ውስጥ የለም። በኛ ጆሮ ውስጥ ኮስታራ ማነው? የቢሮ ደብዳቤ! «ጉዳዩ»፣ «ከላይ በተጠቀሰው»፣ «ለሚመለከተው ሁሉ»። እስቲ መርማሪያችን የሰባት ዓመት ልጅ ይሁንና በር ላይ እንዲህ ብሎ ይለጥፍ፤

«ጉዳዩ፤ የጠፋች ድመትን ይመለከታል። ከላይ የተጠቀሰችው ድመት ትናንት ከምሳ በኋላ ከምድጃ ዳር የተነሣች ሲሆን እስካሁን ያልተመለሰች መሆኑን እየገለጽኩ፣ ያያት ሰው እንዲያመለክት፣ ያላያትም እንዲያያት በጥብቅ አሳስባለሁ። ግልባጭ፤ ለእማዬ።»

ይህን ለአምስቱ ዳኞቼ ባነበው «ግልባጭ፤ ለእማዬ» ላይ ትልልቆቹ ሦስቱ ሣቁ፤ ትንንሾቹ ሁለቱ ግን «ያላያትም እንዲያያት» ላይ። ይሄ ራሱ ትምህርት ነው፤ አንድ መስመር ለሁለት ዕድሜ መሥራት አለበት፣ ምክንያቱም መጽሐፉን የሚያነበው ልጁ ቢሆንም የሚገዛው እናቱ ናት።

ስዊድናዊቷን አስትሪድ ሊንድግሬንን በአጭሩ ላንሣ። ከ1946 እስከ 1953 (እ.ኤ.አ.) በወጡ ሦስት መጻሕፍት ካሌ ብሉምክቪስት የሚባል ልጅ አላት። በሐሳቡ አንድ አድማጭ ፈጥሮ ስለ ምርመራ ጥበቡ ይተነትንለታል። ልጆቹ በየተነባቢው መሐል ድምፅ እየጨመሩ የሚነጋገሩበት የምሥጢር ቋንቋም አላቸው። እኛስ በልጅነታችን በወፍ ቋንቋ አላወራንም? በየቃሉ መካከል ድምፅ እየሰገሰግን ታላላቆቻችንን ያናደድንበት ያ ቋንቋ እስካሁን ምዕራፍ የሚሰጠው ሰው እየጠበቀ ነው።

ሳልጠቅሰው የማላልፈው፣ በማን ላይ ነው የምንሥቀው የሚለው ነገር ነው። ከከተማ ወጣ ያለ ሰው ሲናገር አፉን እየኮረጁ ማሣቅ፣ አንካሳና ዕውር ላይ ማሣቅ ቀላል ነው፤ ከኛ መካከልም ይህን የሚያደርጉ አሉ፣ ስም አልጠራም። ኔትም ካሌም የሚያሥቁት ግን በራሳቸው ኩራት ነው። የአለቃ ገብረ ሃና ቀልዶችስ? ብዙዎቹ የሚያርፉት ባለ ሥልጣንና ባለጠጋ ላይ ነው። እንዲያውም አለቃ ተከታታይ ማለት ምን እንደሆነ ያሳዩናል። አንድ ሰው፣ አንድ ጠባይ፣ ማብቂያ የሌለው ገጠመኝ። ሰው «ዛሬስ ምን አሉ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው እንጂ «ተለወጡ ወይ?» ብሎ አይደለም። ኢንሳይክሎፒዲያም ሶቦል እ.ኤ.አ. በ2012 እስኪሞት ድረስ፣ ለሃምሳ ዓመት ያህል፣ አሥር ዓመቱን አላለፈም። ለልብ ወለድ ሐያሲ ይህ ጉድለት ነው፤ ለልጅ አንባቢ ግን ያው ጋራዥ፣ ያው ጓደኛ፣ ያው ጠላት መኖሩ ቤት እንደ መግባት ነው።

አሁን የኔ ጉድጓድ ወለል ብሎ ታየኝ። በሰፈራችን ቅርጫት ሙሉ ዳቦ ቢጠፋ እናቶች ቡና ሳይደርስ ሌባውን ያውቁታል። ትልቅ ሰው እንዳይገባ ምክንያት አልሰጠሁም። መፍትሔውን የሰጡኝ እነዚያው ባለ ፈንድሻ አያት ናቸው፤ ሁሉን ያውቃሉ፣ አይናገሩም። ልጁ አልጋ ሥር መሆኑን ያውቃሉ፣ እሱ ማወቃቸውን አያውቅም፣ አንባቢው ያውቃል። ሣቁ ከዚያ ይመጣል። ምሥጢሩ ደግሞ ሌላ ቦታ ይሁን።

ፍንጩን ቀይሬዋለሁ። ዓይነ ቀዩ ሰውዬ ወጥቷል፤ በምትኩ በጣም ቆንጆ፣ በጣም ትሑት ባለሱቅ ገብቷል። ዳቦው ተሽጦ ገንዘቡ የተከፈለ መሆኑን የሚያሳይ ደረሰኝ አለው፤ የተጻፈው ጳጉሜ 6 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። ልጁ ደረሰኙን አሥር ጊዜ ያነበዋል፣ ምንም አያይም። አያት ግን ስኒ እያጠቡ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው ወንጌላውያኑን በጣታቸው ይቆጥራሉ፤ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ። ስድስተኛዋ ጳጉሜ የምትመጣው በዘመነ ሉቃስ ብቻ ነው፤ 2014 ዘመነ ማርቆስ ነበር። ይህን የማያውቅ ልጅ ይኖራል፤ ነገር ግን ከወረቀቱ ቀና ብሎ ቤት ውስጥ ያለ ትልቅ ሰው ቢጠይቅ ይነገረዋል። ከቡል ረን የሚለየው በዚህ ነው።

የመጽሔታችን አዘጋጆች ፈቅደው ምዕራፉ በሚቀጥለው እትም ይወጣል። መልሱ ከኋላ ገጽ ተገልብጦ እንዲታተም ጠይቄ ነበር። ማባዣው ጋ ያለው ልጅ ስቴንስሉን እንደ ገና መምታት አያስፈልግም፣ ወረቀቱን አዙሮ ማስገባት ይበቃል ብሎኛል። መልሱን ግን አስቀድሞ እንዳነግረው ለምኖኛል፤ አያቱን ጠይቆ ሊመጣ ነው።